ትንፋሽ የሌለው ዋሽንት

አንድ የገበያ ቀን ከተማችን ጎብዬ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ካለች የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ አምስት ጎረምሶች አንዲት ላፕቶፕ ከበው ተኮልኩለው አገኘኋቸው። አንደኛው፣ ጓደኞቹ በስልክ ለቀረጹት የ10 ደቂቃ ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ሠርቶ አምጥቷል። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት ልጅ ጀሪካን አዝላ ከወንዝ ትመለሳለች፤ ደጃፋቸው ላይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች ቆመው ታያለች፤ ጀሪካኑ ከጀርባዋ ይወድቃል። ሙዚቃው ገና ብቅ ሲል ጎረምሶቹ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። «ሆሊውድ እኮ ነው!» አለ አንዱ። «ሃንስ ዚመር በለው!» አለ ሌላው። ባለሱቁ ሳይቀር በቻርጀር ዋጋ የሚከራከረውን ደንበኛ ትቶ አጨበጨበ።

እኔ ሰዓቴን አየሁ። ዋሽንቱ ከገባ 23 ሰከንድ ሆኖታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነፈሰም።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው?» አለኝ ልጁ።

«ዋሽንተኛው ሞቷል» አልኩት።

ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው። ደጃፉ ላይ የቆሙት ለቀስተኞች ለእሱ የመጡ ነው የሚመስለው ብዬ ልጨምር ነበር፣ ተውኩት። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በልጁ አልተናደድኩም፤ ጀማሪ ነው፣ ይሳሳታል፣ ይማራል። ያቃጠሉኝ አጨብጫቢዎቹ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሥራ አንዴ ያጨበጨቡለት እንደሆነ ልጁ ዕድሜ ልኩን ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሰሚው ነው፤ ሠሪው ከፈለገ ከጎን ሆኖ ይስማ።

ተራውን ነገር እዘለዋለሁ። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ ትዝታና አንቺሆዬ ሲጨመሩ አራቱ ቅኝቶች ይሞላሉ። እነዚህን በጆሮው ያልለየ የራያ ልጅ «አቀናባሪ ነኝ» ሲለኝ፣ ጤፍና ዳጉሳ የማይለይ እህል ነጋዴ የመጣብኝ ይመስለኛል። ሙዚቃው የተዋናዩን ንግግር አይውጥ፣ ሠርግ ላይ የሙሾ ዜማ አይግባ፣ የሰው ሥራ አይሰረቅ፤ ይህ ሁሉ ለአዋቂ አይነገርም። የሚነገረው ስለ ትንፋሽ ነው።

የዘመኑ ልጅ ዋሽንትን የሚያውቀው ከኪቦርድ ነው። ቁልፉን ሲጫን ይጮሃል፤ ጣቱን እስኪያነሳ ይጮሃል፤ ጣት ደግሞ አይደክምም። እውነተኛው ዋሽንት አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ነው። እንደ ፊሽካ የተዘጋጀ አፍ የለውም፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት ነው። ጫፉን ከከንፈርህ ሰያፍ አስደግፈህ፣ ትንፋሽህን አቅጥነህ ጠርዙ ላይ ትሰነጥቀዋለህ፤ ድምፁ የሚወለደው እዚያች ጠርዝ ላይ ነው። ከንፈርህ የገለባ ያህል ከተንሸራተተ ድምፁ ጠፍቶ ባዶ ነፋስ ይቀርሃል። አንዱ ዋሽንት ለሁሉ ዘፈን ስለማይሆን ደህና ዋሽንተኛ አጭሩንም ረጅሙንም፣ አራት አምስት አድርጎ በከረጢት ይዞ ይዞራል። እኔ ሳንባዬ ሙሉ በነበረበት ዘመን፣ ያውም ለውርርድ፣ አንዲት ድምፅ ይዤ 15 ሰከንድ እቆይ ነበር። ዜማ ስጫወት ግን 8 ሰከንድ ከሄድኩ ብዙ ነው። 23 ሰከንድ የሚነፋውስ የቀጥቃጭ ወናፍ ነው፤ እሱም ቢሆን መሐል ላይ አየር ይስባል።

ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። ዋሽንቱ ሲገባ አብራችሁ አየር ሳቡ፤ እሱ ሲነፋ እናንተም ቀስ አድርጋችሁ አስወጡ፤ እሱ ሲተነፍስ ተንፍሱ። ሥራው ጥሩ ከሆነ ሳታስቡት ደረታችሁ ከዜማው ጋር ይወጣል ይወርዳል። መጥፎ ከሆነ መሐል ላይ ትታፈናላችሁ። እኔ አንዴ ወልድያ ዘመድ ቤት አድሬ፣ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ እያየሁ በዚህ ፈተና ዓይኔ ፈጦ የቤቱ እመቤት ውሃ ይዛ ሮጣልኛለች። ድራማው ስንቱን እንዳስለቀሰ ሲነግሩኝ ነበር። አዎ፣ ታሪኩ ያስለቅሳል። ሙዚቃው ግን ትን ያሰኛል።

ትንፋሽ ብቻውን አይመጣም፤ ምልክት አለው። ልብ ብላችሁ ከሰማችሁ፣ ዋሽንተኛው አየር ሊስብ ሲል የመጨረሻዋ ድምፅ ትሳሳለች፣ ከፍታዋም በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ የሚገፋት ነፋስ እያለቀ ነዋ። ከሳበ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያዋ ድምፅ ከመጥራቷ በፊት «ህ» የምትል ሽውታ ትቀድማታለች። ረጅም ዜማ ያሰበ ሰው አየሩን ረዘም አድርጎ ይስባል፤ ስለዚህ ጆሮ ያለው ሰው ከአሳሳቡ የሚመጣውን ዜማ ርዝመት አስቀድሞ ይገምታል። ኪቦርዱ ፊተኛውንም ኋለኛውንም እኩል አድርጎ ይሰጣችኋል። ንዝረቱ እንኳ ከወፍጮ ቤት ሞተር የተዋሰው ይመስል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ልክ ይንቀጠቀጣል።

የማያምን ሰው በጥቅምት ከጎብዬ ወደ ሮቢት የሚወስደውን መንገድ ይዞ ትንሽ ይሂድ። ማሽላው ፍሬ ሲቋጥር ግሪሳ እንዳይጨርሰው ልጆች ማማ ላይ ይውላሉ። ወንጭፋቸው ከጎናቸው ነው፤ አንዳንዱ ዋሽንት ይይዛል። አንዲት ሐረግ ይነፋል፣ ያቆማል፣ ሰማዩን ያያል። ወፉ ሲከብድ ወንጭፉን አሽከርክሮ ይለቃል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ዜማውን ከተወበት ያነሳል። በዚያች ባቆመባት መሐል ምን እንደሚሰማችሁ ልንገራችሁ፦ የደረቀ የማሽላ ቅጠል ሲንሿሿ፣ ወደ አላማጣ የሚወጣ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር፣ ሩቅ ያለው የሌላ ማማ ልጅ ሲመልስ። ሜዳው ስፋቱ የሚታወቃችሁ ዋሽንቱ ሲቆም ነው። አሁን ያንን ሜዳ ፊልም ላይ አድርጉት፤ ካሜራው ከዳር እስከ ዳር ያሳያችኋል፣ አቀናባሪው ደግሞ 23 ሰከንድ ሙሉ በድምፅ ይለስነዋል። ታዲያ ሜዳውን ማን አየው?

ትንፋሽ ያስተማሩኝ ከዞብል ተራራ በኩል ለገበያ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ በሕይወት ሳሉ ፎቶ መነሳት እንኳ አይወዱም ነበር። ዋሽንታቸውን ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ ቀዳዳውን በጋለ ብረት ይበሳሉ፤ የተበላሸውን ደግሞ አይጥሉም፣ ለልጆች ይሰጣሉ፤ «መጥፎ ዋሽንት ጥሩ ሳንባ ያወጣል» ባይ ናቸው። ሲያስተምሩኝ አንድም ቀን ጣቴን አይተው አያውቁም። ከኋላዬ ይቆሙና መዳፋቸውን ጎኔ ላይ፣ ከታችኛው የጎድን አጥንት ላይ ያሳርፋሉ። በችኮላ ከላይ ከላይ ስስብ መዳፋቸው አይነሳም፤ ያኔ በሌላው እጃቸው ኩርኩም ነው። «ሌባ!» ይሉኛል። «የገዛ ትንፋሽህን ትሰርቃለህ?» አንዲት ዜማ ላይ ሦስት ወር አቆዩኝ። አንድ ቀን ሻይ ቤት ሬዲዮው የኦርኬስትራ ኢትዮጵያውን የዮሐንስ አፈወርቅን ዋሽንት ሲያሰማ፣ ሽማግሌው ብርጭቆውን አፋቸው አጠገብ አቁመው እስኪያልቅ አልጠጡም። ሲያልቅ «ይኼ ሰው ጠግቦ የበላ ነው» አሉና ሻያቸውን ጠጡ። ከዚያ በላይ ሙገሳ ከአፋቸው አልሰማሁም።

ወደ ጎረምሳው ልመለስ። ከሳምንት በኋላ መጣና «ጋሼ፣ አስተንፍሼዋለሁ» አለኝ። ከፈተልኝ። በየአራት ቤቱ ድምፁን ቆርጦ ግማሽ ምት ባዶ ትቷል፤ ልክ እንደ ዘበኛ ፊሽካ። ይሄኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። የመጀመሪያው አለማወቅ ነበር፤ የአሁኑ ማስመሰል ሆነ። ትንፋሽ በቆጠራ አይመጣም። ሰው ሲያወራ በየአምስት ቃሉ አይተነፍስም፤ ሐሳቡ ሲሞላ ይተነፍሳል፣ ሲደነግጥ መሐል ላይ ይቆርጣል፣ ሲያባብል ያስረዝማል። ዜማም እንደዚያው ነው። የቤተ ክህነት ሰዎች ይህን ከጥንትም ያውቁታል። ከስምንቱ የዜማ ምልክቶች መሐል፣ ከይዘትና ከደረት፣ ከርክርክና ከድፋት፣ ከጭረት፣ ከቅናትና ከሂደት ጋር እኩል ተቆጥሮ ቁርጥ አለ። መቁረጥ ራሱን ችሎ በምልክት ይጻፋል፤ ተማሪው ያጠናዋል፣ ቦታውን የሳተ ይገሠጻል። የእኛ ልጆች ኪቦርድ ላይ ቁርጥ የሚባል ቁልፍ ስለሌለ የለም ብለው ያስባሉ።

ትንፋሽ አልባውን ዋሽንት የሚደብቅለት ደግሞ አንድ ተባባሪ አለ። ልጆቹ ሪቨርብ ይሉታል፤ እኔ ገደል ማሚቶ እለዋለሁ። ድምፁን ውቅር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነፋ አስመስሎ ያስተጋባዋል፤ ክፍተቱ ሁሉ በማሚቶ ይሞላና ማን ተነፈሰ ማን አልተነፈሰ አይታወቅም። መጥፎ ወጥ ላይ በርበሬ እንደማብዛት ነው። ያቺ ጀሪካን ያዘለች ልጅ የምትሄደው ድንበሩ ዓይን በማይደርስበት የቆቦ ሜዳ ላይ ነው። የምን ገደል? የምን ማሚቶ? ሜዳ ላይ የተነፋ ዋሽንት ደረቅ ነው፤ ይወጣል፣ ይሄዳል፣ አይመለስም። የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው። ማንም ሰው ሥራውን ሊያሰማኝ ሲመጣ መጀመሪያ ሪቨርቡን አጥፋ እለዋለሁ። እምቢ ያለ ሻዩን ጠጥቶ ይሂድ።

እዚህ ላይ ልጆቹ ሁልጊዜ አንድ መከራከሪያ ያመጣሉ። «ኢንተርስቴላርስ? ዚመር ኦርጋኑን ይዞ ይዞ ሲያስለቅሰን የት ነበርክ?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ፊልሙንም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። የሆሊውዱ አቀናባሪ ሃንስ ዚመር እ.ኤ.አ. በ2014 ለወጣው ለዚያ ፊልም የመረጠው ኦርጋን ለንደን ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ነው፤ ሕንጻው ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው። የቧንቧ ኦርጋን ማለት ምን እንደሆነ ግን ልጆቹ አልጠየቁም። በነፋስ የሚጮህ ዕቃ ነው! እያንዳንዱ ቧንቧ እንደ ዋሽንት አየር ካልገባበት ዲዳ ነው። ዚመር ከዋክብት መሐል ለሚንሳፈፍ፣ ከኦክስጅን ጠርሙሱ ጋር ለተጣበቀ ሰው ሙዚቃ ሲፈልግ ከመሣሪያ ሁሉ ሳንባ ያለውን ትልቁን መሣሪያ መረጠ። በዚያ ላይ መርከቧ ከውጭ ስትታይ፣ ያ የጠፈር በር ሲፈነዳ፣ ድምፅ ሁሉ ጭጭ ይላል። ቁርጥ ማለት ያ ነው። ልጆቹ ከፊልሙ የወሰዱት ድምቀቱን ነው፤ ዝምታውን ጥለውት መጡ።

ሃርሞኒካንም አንሡ። በ1980ዎቹ ቆቦ ቪዲዮ ቤት ገብተን አግዳሚ ላይ ተጠባብቀን ያየነው የህንድ ፊልም ሾሌ ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። ሙዚቃው የአር ዲ በርማን ነው። አሚታብ ባቻን ማታ ደጅ ተቀምጦ ሃርሞኒካ ይነፋል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ፎቅ ላይ መብራቶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። አይነጋገሩም። ትርጉም የሚያስፈልገው አልነበረም፤ ህንድኛ የማናውቅ ሁላችን ገብቶናል። ሃርሞኒካ ሲስቡትም ሲገፉትም የሚጮህ መሣሪያ ስለሆነ የሰውየውን ደረት ቁጭ ብለህ ትሰማዋለህ። ከሾሌ ሰባት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ሰርጂዮ ሊዮኔ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት»ን ሠርቷል። ኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃውን ቀድሞ ጨርሶ፣ ሊዮኔ ተዋናዮቹን ሙዚቃውን እያሰማ ነበር የቀረጻቸው። ሃርሞኒካው ለምን እንደዚያ እንደሚያቃስት ፊልሙ እስከ መጨረሻው አይነግረንም። ሲነግረን ግን፦ ልጅ ነው፤ ወንድሙ አንገቱ በገመድ ታስሮ ትከሻው ላይ ቆሟል፤ ገዳዩ ሃርሞኒካውን ልጁ አፍ ውስጥ ጠቅጥቆበታል። ያ ሁሉ ዜማ ከሸክም በታች የሚተነፍስ ልጅ ነበር! እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ሦስት ቀን ዋሽንት አልነካሁም። ለመሆኑ ይህን በኪቦርድ ፓን ፍሉት ማን ይሠራዋል?

ከእነዚሁ ልጆች አንዱ በሌላ ቀን «ሙላቱ አስታጥቄ ስለ ጎብዬ ሙዚቃ ሠርቶ አሜሪካ ፊልም ላይ ገብቷል» ብሎ ተወራረደ። «ጉብልዬ»ን ማለቱ ነው። «ጉብል ነው ልጄ፣ ጎብዬ አይደለም» ብዬ ውርርዱን አስበላሁት፤ ከተማችን ግን ለግማሽ ቀን ሆሊውድ ደርሳ ተመለሰች። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ነው። ዊንስተን የሚባለው የዘር ሐረጉ ከኢትዮጵያ የሆነ ጎረቤት ለቢል መሪ ለመንገዱ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ሰውየው የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ መኪና ሲነዳ የሙላቱ «የከርሞ ሰው» ይሰማል። የቢል መሪ ፊት እንደ ድንጋይ ነው፣ ምንም አይነግርህም። የሚነግርህ የትንፋሽ መሣሪያው ነው፤ አንድ ነገር ይልና ያቆማል፣ ይጠብቅሃል፣ ይመለሳል። ጃርሙሽ ለዚህ ፊልም የተሠራ ሙዚቃ አላስፈለገውም። ሲሠራ የተነፈሰ ሙዚቃ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ አገር መኪና ውስጥም ይተነፍሳል።

«ፒያኖስ? ፒያኖ ሳንባ አለው?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ይስማ። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት መነኩሲት የአንድም ፊልም አቀናባሪ አልነበሩም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ታይም» የተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ በዓመቱም የሬቤካ ሆል «ፓሲንግ» የእሳቸውን ፒያኖ ወስደዋል። ቀኝ እጃቸው ወደፊት ይሮጥና ይዘገያል፤ የሚያመነታ፣ ያሰበውን የሚያስተካክል ሰው አነጋገር ነው። ምቱን በሜትሮኖም ልትይዘው ብትሞክር ያመልጥሃል። ሳንባ የሌለው መሣሪያ ሲተነፍስ ያኔ ባለሙያ አለ ማለት ነው። እንዲያውም ከዚህም አክርሬ ልናገረው፦ የትንፋሽ መሣሪያ ያልነፋ፣ ወይም ቢያንስ በማኅበር ያልዘመረ፣ የፊልም ማጀቢያ እንዲሠራ ፈቃድ ባይሰጠው ደስ ይለኛል። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ሙዚቃ ከአሜሪካዊው ፒያኒስት ከቪጄይ አየር ጋር የሠራው ጆርጋ መስፍን ሳክስፎን ነፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት የወሰደው ያ ፊልም ሲወራ ሰው የሚያነሳው ዋና ገጸ ባሕርይውን አንበርብርን ነው፣ ኃይሌን ነው። እኔ የማነሳው ማጀቢያው ለሳክስፎን ነፊ መሰጠቱን ነው።

በማኅበር ያልዘመረ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነሐሴ 16 ሲመጣ ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ ሲል፣ እኛ ራያ ቆቦዎች ሶለል እንላለን። ልጃገረዶቹ በከበሮ ብቻ ቀኑን ሙሉ ሲጨፍሩ ይውላሉ፤ ማምሻውን ድምፃቸው ይጎረንናል እንጂ አይዘጋም። ምስጢሩ ግልጽ ነው። አውጪዋ ስትል ተቀባዮቹ ይተነፍሳሉ፤ ተቀባዮቹ ሲሉ አውጪዋ ትተነፍሳለች። ያ ሁሉ ጨዋታ ትንፋሽ መበዳደር ነው። ማጀቢያና ተዋናይም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አየር ይሳብ።

እኔ ማጀቢያን የተማርኩት ፊልም ሳላይ በፊት ነው። በደርግ ጊዜ በራያና ቆቦ አውራጃ ኪነት ውስጥ ልጅ ሆኜ ነበርኩ፤ ከበሮ ተሸካሚ፣ ኋላ ዋሽንት። ቡድኑ ከዘፈኑ መሐል አጫጭር ድራማ ያሳያል፤ ሙዚቀኞቹ ከመጋረጃው ጎን ተቀምጠን እናጅባለን። አንዱ ድራማ ላይ እናቲቱ የልጇን መርዶ ትሰማለች። ልምምድ ላይ ያቺ ቦታ ስትደርስ ክራሩም ማሲንቆውም ዋሽንቱም ተያይዘን እንጮሃለን፤ አሠልጣኙ ጥሩ ነው ብሎናል። የትዕይንቱ ዕለት ከእኔ በላይ ያለው ዋሽንተኛ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው፣ ሊጀመር ሲል ክራር መቺውን እጁን ያዘው፤ ማሲንቆውን በዓይኑ ገታው። እናትየዋ መርዶውን ሰማች። እሱ ዋሽንቱን ከከንፈሩ አስጠጋ፣ አየር ሳበ፣ ነፋ። ድምፅ አልወጣም። ሆን ብሎ ጠርዙን ስቶታል፤ የተሰማው ነፋስ ብቻ ነው፣ «ፉ...» የሚል። ደገመው። ሦስተኛ ሊስብ ሲል ከአዳራሹ ኋላ አንዲት ሴት ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ሌላዋ። ዜማውን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ከአራት ድምፅ አይበልጥም። ወጥተን «ለምን ያለ ልምምድ?» ብሎ አሠልጣኙ ሲቆጣው «ሴትዮዋ ትንፋሽ አጥሯት እያየሁ እኔ ከየት አምጥቼ ልንፋ?» አለው። የአንድ ሳምንት አበሉን ቆረጡበት።

ስለዚህ አሁን የሰው ሥራ ስሰማ መጀመሪያ ምስሉን ያለ ሙዚቃ አያለሁ። ተዋናዩ ከመናገሩ በፊት አየር የሚስብባትን ቦታ እፈልጋለሁ፤ ጥሩ ተዋናይ ሁሌም ይስባል፣ ትከሻው ላይ ይታያል። ከዚያ ሙዚቃውን እከፍትና ያቺ ቦታ ላይ ምን እንዳለ አዳምጣለሁ። እዚያ ላይ ቫዮሊን ከወጣ፣ ከበሮ ከተመታ፣ ወይም ያ የማይሞተው ዋሽንት ከቀጠለ ቀሪውን አልሰማም። ልጆቹ ግፍ ነው ይሉኛል፤ የሁለት ወር ሥራ በሁለት ሰከንድ ይፈረዳል እንዴ ይላሉ። ሐብሐብ ስትገዙ በጣታችሁ ስንት ጊዜ ነው የምትመቱት? ፊልሙ ገና ሳይጀምር የሚያጨበጭብ ሰውም አለ። የእሱን ነገር ተዉት።

ጎረምሳው ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው በኅዳር መጀመሪያ ነው። ኪቦርዱን ትቶታል። ማማ ላይ የሚውል የአክስቱን ልጅ በስልክ ቀርጾ፣ ያንን ዋሽንት ከፊልሙ ላይ አድርጎታል። ሪቨርብ የለም። ከፈተልኝና ሰዓቴን አላየሁም፤ ደረቴ ራሱ ነገረኝ። ልጅቷ ጀሪካኗን አዝላ ስትመጣ ዋሽንቱ በ6 ሰከንድ፣ በ5 ሰከንድ እየቆመ ይመጣል። አንዲት ቦታ ላይ ግን፣ ደጃፉ ላይ ሰዎቹን ስታይ፣ የሆነ ነገር ደነቀፈኝ፤ ዜማው ሳይሳሳ ድንገት ተቋርጦ ወዲያው ይቀጥላል። «እዚህ ጋ ምን ነበር?» አልኩት።

«ግሪሳ መጥቶበት ጮኸ፣ ወንጭፍ ወረወረ» አለኝ። «አበላሸው፤ ቆርጬ ጣልኩት። ወደ ግማሽ ደቂቃ ይሆናል።»

«ስልክህ ላይ አለ?»

«አጥፍቼዋለሁ ጋሼ። ቦታ ይዞብኝ።»

ምንም አላልኩትም፤ ፊቴን ግን አይቷል መሰለኝ። በማግስቱ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ማሽላው ዘንድ ተመለሰ። ማሽላው ታጭዶ ነበር፤ ማማውንም አፍርሰው እንጨቱን ቤት ወስደውታል።